በሼሪ በርሜል የከረመ የብቅል ውስኪ፦ አቀማመሱና አመዛዘኑ

ደክዋኔ ውስጥ በምናደርገው የእሑድ ጥናት ላይ በቅርቡ ሁለት ብርጭቆ ውስኪ ቀርቦልን ነበር። አንዱ እንደ ገለባ የነጣ፣ ሌላው እንደ ሻይ የጠቆረ ነው። የትኛው እንደሚበልጥ ስንጠየቅ የነበርነው ሁሉ ሳንቀምስ ጥቁሩን መረጥን። ምክንያታችንም «ብዙ ዓመት የከረመ መሆን አለበት» የሚል ነበር። ጠርሙሶቹ ሲገለጡ ግን የነጣው 12 ዓመት የከረመ ሆኖ ተገኘ። በጥቁሩ ላይ ዕድሜ አልተጻፈም፤ ከጀርመን የመጣ ጠርሙስ ስለ ነበረ ግን ማቅለሚያ እንደ ተጨመረበት መለያው ላይ ተጽፎ አነበብን።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ስሕተት የተነሣ ነው። ከእኛ መካከል የሆቴል ሙያ የሚማሩ፣ ማታ ማታም በመጠጥ ቤት እየሠሩ የትምህርት ወጪያቸውን የሚሸፍኑ አሉ። ለእነርሱ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት የእንጀራ ጉዳይ ነው። ለሌሎቻችንም ቢሆን ሳይመረምሩ የመፍረድ ልማድ ጉዳቱ ከብርጭቆ ያለፈ ነው።

ሀ. ከምን ይሠራል?

«ሲንግል ሞልት» የሚባለው የስኮትላንድ ውስኪ ከገብስ ብቅል ብቻ፣ በአንድ ፋብሪካ የሚወጣ ነው። በኦክ እንጨት በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት መክረም አለበት፤ ሲታሸግም የአልኮሉ መጠን ከ40 ከመቶ ማነስ የለበትም።

አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን ብቅልና ገሾ ጠንስሰው፣ ድፍድፉን በእሳት አፍልተው፣ እንፋሎቱን በመቃ አሳልፈው በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ያጠራቅሙታል። ይህ ተራ አረቄ ነው። ተራው እንደገና ሲወጣ ዳግም አረቄ ይባላል፤ ጥንካሬውም 45 ከመቶ ገደማ ይደርሳል። ስኮትላንዳዊውም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጊዜ ያወጣል። ልዩነቱ፣ እርሱ ገሾ አይጨምርም፤ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ የሚወጣውን ለይቶ መሀሉን ይወስዳል፤ ከዚያም በእንጨት ዕቃ ያከርመዋል። እዚህ ሊባኖስ ከወይንና ከአኒስ የሚወጣው ዐረቅም ከእኛው አረቄ ጋር የስም ዘመድ ነው። ቃሉ በዐረብኛ «ላብ» ማለት ሲሆን ጠብ ጠብ እያለ የሚወጣውን ያመለክታል።

ለ. በርሜሉ ምን ይጨምራል?

ውስኪ ሲወጣ እንደ ውኃ የጠራ ነው። ጠላ ጠማቂ ጋኗን በወይራ የምታጥነው የዕቃው ጠረን ወደ መጠጡ ስለሚገባ ነው፤ የሼሪ በርሜልም መሠረቱ ይኸው ነው። ሼሪ በደቡብ ስፔን በሄሬዝ አካባቢ የሚሠራ፣ አልኮል የተጨመረበት ወይን ነው። ቀድሞ በበርሜል ወደ ብሪታንያ ይላክ ስለ ነበር ባዶው በርሜል ለውስኪ ይውል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን ሼሪ እዚያው ስፔን ውስጥ እየታሸገ ስለሚወጣ፣ አብዛኛው በርሜል ለውስኪ ተብሎ ይሠራና ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ያህል ሼሪ ተሞልቶበት ይላካል።

ስለዚህ «የሼሪ በርሜል» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ አይነግረንም። አራት ጥያቄዎች መጠየቅ ይገባል። ሼሪው ደረቁ ኦሎሮሶ ነው ወይስ ጣፋጩ ፔድሮ ሂሜኔዝ? እንጨቱ የአውሮፓ ነው ወይስ የአሜሪካ? በርሜሉ በውስኪ ሲሞላ ስንተኛ ጊዜው ነው? ውስኪው ዘመኑን ሁሉ በዚያ ከርሟል ወይስ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ወራት ብቻ?

ሐ. አመዛዘኑ በተግባር

1. ቀለሙን አለመመልከት። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት፣ በቦርዶ 54 የወይን ሥራ ተማሪዎች ሽታ የሌለው ቀይ ማቅለሚያ የተጨመረበትን ነጭ ወይን ጠረን በቀይ ወይን ቃላት ገልጸውታል። በሙያው የሚሠለጥኑትን ዓይን ካታለላቸው እኛንም ያታልለናል። ስለዚህ መለያው ተሸፍኖ፣ ብርጭቆውም በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቅረብ።

2. ማሽተት። አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ይመረጣል። አፍንጫን ወደ ውስጥ ሳያስገቡ፣ አፍን ከፈት አድርጎ ቀስ ብሎ ማሽተት ነው። የአውሮፓ ኦክ ቅርንፉድን፣ ሼሪው ዘቢብን፣ ተምርንና የብርቱካን ልጣጭን ያስታውሳል፤ የአሜሪካው ኦክ ወደ ቫኒላና ኮኮናት ያደላል። የተጫረ ክብሪት ወይም የጎማ ሽታ ከመጣ፣ በርሜሉን ለመጠበቅ ከታጠነበት ድኝ የመጣ ሊሆን ይችላል።

3. ውኃ መጨመር። ጥቂት ጠብታ ውኃ ማበላሸት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የስዊድን ሊኔየስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኮምፒዩተር ስሌት እንዳሳዩት፣ ውስኪ ሲቀጥን ጉዋያኮል የተባለው ጠረን ሰጪ ወደ ላይኛው ገጽ ይወጣል።

4. መቅመስ። ትንሽ ተጎንጭቶ በምላስ ላይ ማንከባለል፣ ከዚያም መትፋት ነው። እዚህ ላይ ዋናው ጥያቄ የብቅሉ ጣዕም ከበርሜሉ ሥር ይሰማል ወይ? የሚለው ነው። የወይን ጣፋጭነት ብቻ ከተሰማ፣ አፍም እንደ በዛ ሻይ ከደረቀ፣ በርሜሉ ውስኪውን ውጦታል።

5. መጻፍ። ሌላው ምን እንዳለ ሳይሰሙ ማስታወሻ መያዝ፣ በኋላ ማነጻጸር ነው። «ጥሩ ነው» ማለት ምዘና አይደለም፤ ምክንያቱ ይጻፍ።

መ. ምላስ የማይደርስበት

አንድ ነገር ግን በመቅመስ አይታወቅም። ሜታኖል የተባለው መርዛማ አልኮል በጣዕምም በሽታም ከተራው አልኮል ጋር ስለሚመሳሰል የሠለጠነ ቀማሽም አይለየውም። ያሳውራል፣ ይገድላልም። ምንጩ ያልታወቀ ወይም ማሸጊያው የተነካካ ጠርሙስ ለመፈተን እንኳ አይቀመስ። ከሰዓታት በኋላ የዓይን ብዥታ የተሰማው ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ይሂድ።

በመጨረሻ፣ ከአርሲ ነገሌም ሆነ ከደብረ ብርሃን የሚመጣ ዳግም አረቄ በዚሁ ሚዛን መመዘን ይገባዋል። ብዙዎቻችን መለያ ያለውን ሳንቀምስ እናከብራለን፤ የእናቶቻችንን ሙያ ደግሞ ሳንቀምስ እንንቃለን። ሁለቱም ያው አንድ ስሕተት ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦
1. ዕድሜ ብቻውን ለጥራት ማስረጃ ይሆናልን?
2. ዳግም አረቄ በወይራ ወይም በሌላ የአገራችን እንጨት ቢከርም ምን ይጠበቃል? እንዴትስ ይፈተናል?
3. በመለያ ብቻ የፈረድንበት ሌላ ምን ነገር አለ?