የዛፍ ቁስልና የአክስቴ አዲስ ሙያ

በአገራችን ከዛፍ ጋር የሚውል ሠራተኛ ሲባል በአብዛኛው የሚታወቁት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ችግኝ የሚተክለው ሲሆን ሁለተኛው መጥረቢያ ይዞ የሚቈርጠው ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ግን ሦስተኛ ሙያ አለ። ይኸውም ያደገውን ዛፍ ሳይጥሉ፥ የታመመውን ወይም ለሰው የሚያሰጋውን ቅርንጫፍ ብቻ መርጦ በማንሣት ዛፉንም ከሥሩ የሚያልፈውንም ሰው ማዳን ነው። እንግሊዞች ይህን ሙያ የዛፍ ቀዶ ሕክምና ይሉታል። ስለዚሁ ለመጻፍ የተነሣሁት በሥነ ሕይወት ክፍለ ጊዜ ስለ ግንድ አሠራር ከተማርነው ጋር ስለሚገናኝ ነው። ደግሞም የእናቴ ታናሽ እኅት በእንግሊዝ አገር ዐሥራ ሁለት ዓመት በነርስነት ከሠራች በኋላ ሥራዋን ትታ ወደዚህ ሙያ ስለ ገባች ነገሩን ከቅርብ ለማወቅ ዕድል አግኝቻለሁ።

ለማስታወስ ያህል ስለ ግንድ ጥቂት ልበል። ከዛፍ ቅርፊት ሥር ቅጠሎች የሚሠሩትን ስኳር ወደ ሥር የሚያወርደው ፍሎየም አለ። ከእርሱ ቀጥሎ ካምቢየም የሚባለው እጅግ ስስ ሽፋን ይገኛል፤ ዛፉ በውፍረት የሚያድገው በዚህ ሽፋን ነው። ካምቢየም ወደ ውጭ ፍሎየምን፥ ወደ ውስጥ ደግሞ ውሃ ከሥር ወደ ቅጠል የሚያወጣውን ዛይለምን ይሠራል። ወደ መካከል ያለው ያረጀ እንጨት ውሃ ማመላለሱን ትቶ ዛፉን ደግፎ ለማቆም ያገለግላል። ውስጡ ባዶ የሆነ፥ እረኛ ከዝናብ የሚጠለልበት አሮጌ ዋርካ ለምልሞ የሚኖረው ስለዚህ ነው፤ ሕያው ክፍሉ ያለው በዳር በኩል ነውና።

አክስቴ ትምህርቱን ስትጀምር ከሁሉ ይልቅ ያስገረማት ስለ ቁስል የተነገራት ነው። ነርስ ቁስል ስታይ ታጥባለች፥ መድኃኒት ትቀባለች፥ በፋሻ ትሸፍናለች፤ ውሎ አድሮም የተጎዳው ሥጋ በአዲስ ሥጋ ይተካል። ዛፍ ግን የተጎዳውን እንጨት በአዲስ ሊተካው አይችልም። የተጎዳውን ክፍል በውስጡ እንደ ያዘ በዙሪያው ግንብ ሠርቶ ይዘጋበታል፤ ከዚያም በላዩ አዲስ እንጨት እየደረበ ያድጋል። ስለዚህ የሃምሳ ዓመት ዛፍ ብንሰነጥቅ በዐሥር ዓመቱ የደረሰበትን ቁስል እዚያው በቦታው ልናገኘው እንችላለን።

ይህን ነገር አጥርቶ ያስረዳው አሌክስ ሻይጎ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው። ሻይጎ በአገሩ መንግሥት የደን አገልግሎት ሲሠራ ብዙ ዛፎችን በሞተር መጋዝ ቁመታቸውን ተከትሎ እየሰነጠቀ መበስበስ በእንጨት ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ መረመረ። በ1977 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍም ዛፍ መበስበስን በአራት ግንቦች እንደሚከላከል አስረዳ። የመጀመሪያው ግንብ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደውን፥ ሁለተኛው ወደ መካከል የሚገባውን፥ ሦስተኛው ወደ ጎን የሚዞረውን ያግዳል። ከእነዚህ ደካማው የመጀመሪያው ስለሆነ መበስበስ በግንድ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ረጅምና ቀጭን ሆኖ ይታያል። አራተኛው ግንብ ዛፉ ከቆሰለ በኋላ ካምቢየም የሚሠራው ነው፤ እርሱም የቀድሞውን እንጨት ከቁስሉ በኋላ ከሚበቅለው ይለያል። ከአራቱም የሚበረታው ይኸው ነው።

ይህ ሳይታወቅ በፊት ለዛፍ ታስቦ ብዙ ጥፋት ተሠርቷል። ትውልዱ እንግሊዛዊ ሆኖ በአሜሪካ የኖረው ጆን ዴቪ በ1901 እ.ኤ.አ. ስለ ዛፍ ሐኪም መጽሐፍ አውጥቶ ሙያውን በሕዝብ ዘንድ አሳወቀ። በዚያን ዘመንና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ሠራተኞች የበሰበሰውን ክፍል ፍቀው እንደ ጥርስ ሐኪም ጉድጓዱን በስሚንቶ ይሞሉት፥ የተቈረጠውንም ቦታ ሬንጅ ይቀቡት ነበር። ነገር ግን ዛፍ በነፋስ ይወዛወዛል፥ ስሚንቶ አይወዛወዝም። መፋቁም ዛፉ ለፍቶ የሠራውን ግንብ ያፈርስበታል። ሬንጁ ደግሞ ሲሰነጣጠቅ ከሥሩ እርጥበት ያቍራል። ዛሬ የሙያው ሰዎች ሁለቱንም አይመክሩም። አክስቴ «ፋሻ ይዤ ብገባ ፋሻውን ጣይ ተባልሁ» እያለች ትስቃለች።

እንግዲህ የተጎዳው እንጨት የማይታደስ ከሆነ ዋናው ነገር አቈራረጡ ነው። ቅርንጫፍ ከግንድ ጋር በሚጋጠምበት ስፍራ፥ እንደ ሸሚዝ አንገትጌ ቅርንጫፉን የሚከበው አበጥ ያለ ነገር አለ። መከላከያው ግንብ የሚሠራው በዚሁ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ መጋዙ ከአንገትጌው ጥቂት ወዲያ ማረፍ አለበት። ከግንዱ ጋር አስተካክሎ መቍረጥ ለዓይን ቢያምርም አንገትጌውን ያነሣዋል፥ ቁስሉንም ያሰፋዋል። ብዙ አስተርፎ መቍረጥም ጕቶ ይተዋል፤ ጕቶው ይሞትና ይበሰብሳል።

ከባድ ቅርንጫፍ ደግሞ በአንድ ጊዜ አይቈረጥም። መጀመሪያ ከግንዱ ሠላሳ ሳንቲሜትር ያህል ርቆ ከታች ወደ ላይ ጥቂት ይሞረዳል። ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወደ ውጭ አለፍ ብሎ ከላይ ወደ ታች ይቈረጣል፤ ያን ጊዜ ቅርንጫፉ ቅርፊቱን እስከ ግንዱ ድረስ ሳይልጥ ይወድቃል። በመጨረሻ የቀረው ቍራጭ በአንገትጌው አጠገብ ይነሣል። ቅርንጫፍ ከላይ ብቻ ተመትቶ በራሱ ክብደት ሲገነጠል ያየ ሰው የመጀመሪያው ቍርጥ ለምን እንደሚያስፈልግ ይገባዋል።

አሁን ወደ አክስቴ ልመለስ። አያቴ ባላቸው ከሞቱ በኋላ አምስት ልጆች ያሳደጉት ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አውርደው ሽሮ ሜዳ በመሸጥ ነው። አክስቴ በነርስነት በተመረቀች ጊዜ የተነሣችው ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ አልወረደም። ስለዚህ በስልክ «ነርስነቱን ትቼ ዛፍ ላይ ልሠራ ነው» ብላ ባስታወቀቻቸው ጊዜ አያቴ፦ «እኔ ከእንጨት ያወጣሁሽ ልጅ ተመልሰሽ እንጨት ልትገቢ?» አሉና ስልኩን ለእናቴ ሰጡ። ሁለት ወር ያህል አላነጋገሯትም። እውነቱን ለመናገር በቤታችን ውስጥ የአክስቴን ሐሳብ የደገፈ አንድም ሰው አልነበረም፤ ደመወዟ እንደሚቀንስ ሁላችንም እናውቅ ነበርና።

ሐሳቡ የመጣላት እንዲህ ነው። የሌሊት ተረኛ ሆና አድራ ጧት አውቶቡስ ስትጠብቅ አንዲት ሴት በገመድ ተንጠልጥላ ከትልቅ ዛፍ ስትወርድ አየች። በዚያ ሙያ ሴቶች ዛሬም ጥቂቶች ናቸው። ሆኖም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በ1942 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የሴቶች የእንጨት ጓድ ተቋቁሞ፥ ቀድሞ በጽሕፈትና በሱቅ ሥራ የነበሩ ጭምር በሺህ የሚቈጠሩ ሴቶች ዛፍ ሲጥሉና ሲሰነጥቁ ቈይተዋል። ጓዱ በ1946 እ.ኤ.አ. ተበተነ።

አክስቴ በመጀመሪያ መጋዝ መያዝንና መጠገንን፥ ቀጥሎ በገመድ መውጣትንና ከላይ የተጎዳ ሰው ማውረድን ተማረች። ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ሙሉ ዛፍ ላይ አልወጣችም፤ ሥራዋ የወደቀውን ቅርንጫፍ ጐትቶ ወደ መፍጫው መኪና መክተትና መንገድ መጥረግ ነበር። ትከሻዋን ያመማትም በዚያ ጊዜ ነው። በዚያ አገር ሥርዓቱ ጥብቅ ነው። ለሥራ የሚወጡበት ገመድና መታጠቂያ በየስድስት ወሩ በባለሙያ ይመረመራል። ከላይ ያለውን ሰው ማውረድ የሚችል ሌላ ሰው በስፍራው ከሌለ አይወጣም። የአካባቢው አስተዳደር በልዩ ትእዛዝ የጠበቀውንም ዛፍ፥ የጓሮው ባለቤት እንኳ ቢሆን፥ ያለ ፈቃድ ሊቈርጠው አይችልም። በ2012 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ መኖሩ የተረጋገጠው፥ አሽ የተባለውን ዛፍ የሚገድለው የፈንገስ በሽታ ደግሞ ሥራውን አክብዶታል። በሽታው እንጨቱን ተሰባሪ ስለሚያደርገው፥ እጅግ በታመመው ዛፍ ላይ በገመድ ከመውጣት ይልቅ በማንሻ መኪና ይሠራሉ። አክስቴ እንደምትለው ከነርስነት ይዛው የመጣችው ትልቁ ነገር ከመንካት በፊት ዙሪያውን ዞሮ መመልከት ነው።

በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር የሥራ ጓደኛዋን ይዛ ልትጠይቀን መጣች። በግቢያችን ያለው ግራቪላ አንድ ደረቅ ቅርንጫፉ በቆርቆሮው ላይ ተንጋዶ ነበርና ጎረቤታችን «አናቱን አስቈርጡት፥ መልሶ ያቈጠቍጣል» ብለው መክረውን ነበር። ይህ አስተሳሰብ ከባሕር ዛፍ የተማርነው ይመስለኛል። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ ከጕቶው መልሶ ሲበቅል አይተን ዛፍ ሁሉ እንደ እርሱ ነው ብለናል። ጥድን ግን ቅጠል እስከሌለበት ድረስ ብንጐነድለው መልሶ አያቈጠቍጥም። አናቱ ተቈርጦ የሚያቈጠቍጠውም ዛፍ ቢሆን ብዙ ቅጠሉን ባንድ ቀን ያጣል፤ አዲሶቹ ቅርንጫፎችም ከዳር የተለጠፉ ስለሚሆኑ ሲከብዱ ይገነጠላሉ።

ሁለቱም ገመዳቸውንና የእጅ መጋዛቸውን ይዘው ነበርና አክስቴ ወጣች፥ ጓደኛዋ ከታች ጠበቀች። ደረቁን ቅርንጫፍና ከእርሱ ጋር የሚፋተግ አንድ እርጥብ ቅርንጫፍ ብቻ አነሣች። አያቴ በረንዳው ላይ በርጩማ አስወጥተው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተመለከቱ። ስትወርድ መጀመሪያ መታጠቂያዋን በእጃቸው ዳሰሱና «ይኼ ወገብ አይቈርጥም?» ብለው ጠየቁ። ቀጥለው የወደቀውን ጭራሮ ራሳቸው ሰብስበው እንደ ድሮው አድርገው አሰሩት። ማንም እንዲያግዛቸው አልፈቀዱም። ሲጨርሱ ለአክስቴ ክብደቱን አንሥታ እንድታየው አዘዟት፤ አነሣችው። «የኔ ሦስት እንዲህ ያለ ነበር» አሉ።

እኔ በበኩሌ የእርጥቡን ቅርንጫፍ ቁስል በማስመሪያ ስከታተል ቈይቻለሁ። ስፋቱ ስምንት ሳንቲሜትር ነበር። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር ስለካው አዲሱ እንጨት በግራና በቀኝ ዐሥራ አራት ሚሊሜትር፥ ከላይና ከታች ግን ስድስት ሚሊሜትር ብቻ ገብቷል። ከቅጠል የሚወርደው ስኳር ቁስሉን በጎንና በጎን አልፎ ስለሚሄድ ይመስለኛል። ጎረቤታችን የራሳቸውን ዛፍ አናት በዚያው ወር አስቈርጠው ነበር፤ ከአናቱ ዙሪያ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ተጨናንቀው ወጥተዋል። ሁለቱም ዛፎች ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ስለሚታዩ፥ ከክፍላችን ተማሪዎች ለማወዳደር የሚፈልግ ካለ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት አብረን ሄደን ልናያቸው እንችላለን።