ዋት የጨመረ ድምፅ ጨመረ ማለት አይደለም

ለመድረክ የጊታር አምፕሊፋየር የሚገዛ የምሽት ክበብ ባለቤት በቅድሚያ የሚጠይቀው "ስንት ዋት ነው?" ብሎ ነው። ይሁንና ዋቱ እጥፍ ሲሆን የሚጨምረው ድምፅ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 እጥፍ ያህል ዋት ያስፈልጋል። ስለሆነም ከባለ 50 ዋቱ ይልቅ ለባለ 100 ዋቱ ጭማሪ የሚከፍል ሰው የሚያገኘው ልዩነት ትንሽ ነው። በአንጻሩ በ1 ዋት 97 ዴሲቤል የሚሰጠውን ስፒከር 100 በሚሰጥ መተካት ዋቱን እጥፍ ከማድረግ ጋር እኩል ነው።

የጥንቱን አሠራር የተከተሉት ባለ ቲዩብ አምፕሊፋየሮች ሌላም ወጪ አላቸው። ቲዩቡ በሥራ ብዛት ያልቃል፤ መለወጫ ይፈልጋል። ለአሜሪካ ገበያ በ120 ቮልት የተሠራው ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ያለ ትራንስፎርመር 220 ላይ ከተሰካ ይቃጠላል። ገዢው ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ቮልቱን ከጀርባው ማንበብ፣ የስፒከሩንም ዴሲቤል መጠየቅ ይኖርበታል።