የሕፃን አልጋና የዳይፐር መቀየሪያ ሲገዙ ሜትርዎን ይያዙ

ከጳውሎስ ሆስፒታል አራሷን ደግፎ ወደ ጉለሌ ሰፈሩ የሚመለስ አባት በኪሱ የቀረውን ብር አሳምሮ ያውቃል። የማያውቀው ብሩን በየትኛው ዕቃ ላይ ማዋል እንዳለበት ነው። ዘመድ ጋቢና ቡሉኮ ይዞ ይመጣል፤ ጎረቤት ለገንፎው አታንስም። አልጋው፣ ፍራሹ፣ የልብስ ማስቀመጫውና የዳይፐር መቀየሪያው ግን የአባትና የእናት ዕዳ ነው። በዚህ ሰዓት የሚደረግ ግዢ ደግሞ የችኮላ ግዢ ነው። የቸኮለ ገዢ ለሻጭ እንጂ ለራሱ አይመችም።

እንደሚታወቀው ገዢ እንጨት ሥራ ቤት ሲገባ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ስንት ነው? ቀለሙ ምን ዓይነት ነው? መቼ ይደርሳል? በዘንጎቹ መካከል ስንት ሳንቲ ሜትር እንዳለ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በሕፃን ዕቃ ላይ ግን ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። በዛሬው የገበያ ትምህርታችን ለሚገዛውም፣ ለሚሠራውም፣ ለሚያስመጣውም የሚጠቅመውን ይህንኑ የልክ ጉዳይ እንመለከታለን።

ክፍል ወይስ ጥግ?

ደላላ ለወጣት ባልና ሚስት ቤት ሲያሳይ «ይህቺ የልጅ ክፍል ትሆናለች» ማለት ይወዳል። በዚህች አንዲት ቃል ኪራዩ ከፍ ይላል። አንባቢያችን ግን ከመስማማቱ በፊት አንድ ነገር ይወቅ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር የሚመክረው ሕፃን ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ከወላጆቹ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ነገር ግን በራሱ መኝታ ላይ እንዲተኛ ነው። ከእናት ክፍል አለመለየቱ ለእኛ አገር ቤተሰብ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር የራሱ መኝታ ይኑረው የሚለው ነው።

እንግዲህ የሚያስፈልገው ጥግ እንጂ ክፍል አይደለም ማለት ነው። ጥጉ ስንት ነው? እናስላው። በአውሮፓ ልክ የተሠራ የሕፃን ፍራሽ 60 በ120 ሳንቲ ሜትር ነው። የአልጋው ውጫዊ ልክ 66 በ126 ገደማ ይሆናል። በአጠገቡ 90 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ባለ መሳቢያ ኮመዲኖ ይቁም። የሁለቱ ርዝመት ሲደመር 2 ሜትር ከ16 ነው። ከፊታቸው ለመቆሚያ 80 ሳንቲ ሜትር ይተው። በጠቅላላው 2 ሜትር ከ20 በ1 ሜትር ተኩል፣ ማለትም 3.3 ካሬ ሜትር ይበቃል። የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ እስከ 20 ካሬ ሜትር፣ ባለ አንድ መኝታው ከ20 እስከ 30 ካሬ ሜትር ገደማ በሆነበት ከተማ ይህ ስሌት ቀላል ነገር አይደለም። ለመጀመሪያው ዓመት ተብሎ ለተጨማሪ ክፍል የሚከፈለው ኪራይ ጥሩ አልጋና ጥሩ ፍራሽ ሊገዛ ይችላል።

የጥጉ ቦታም ይመረጥ። ጉለሌ የእንጦጦ ግርጌ ነው፤ ሌሊቱ ይበርዳል፤ በክረምት ግድግዳው እርጥበት ይስባል። አልጋው ከመስኮትና ከበር ይራቅ፤ ከውጭው ግድግዳም በእጅ መዳፍ ያህል ፈቀቅ ይበል። የመጋረጃ ገመድና የኤሌክትሪክ ሽቦ ሕፃኑ በማይደርስበት ይሁኑ። ብርዱን ለመከላከል ተብሎ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ማሞቅ ግን ፈጽሞ አይገባም። የከሰል ጭስ ሽታ ባይኖረውም ይገድላል።

የአልጋው አራት ልኮች

አንደኛ፣ የዘንጎቹ ክፍተት። ከ6 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ከዚህ ከሰፋ የሕፃኑ ገላ ይሾልክና ጭንቅላቱ ይያዛል። ሜትር ካልያዙ የለስላሳ መጠጥ ጣሳ ይዘው ይሂዱ። ጣሳው በዘንጎቹ መሐል ካለፈ አልጋውን ይተዉት።

ሁለተኛ፣ የፍራሹ ዙሪያ። በፍራሹና በአልጋው ጎን መካከል ሁለት ጣት ከገባ ፍራሹ ጠቧል ማለት ነው። ስለዚህ አልጋና ፍራሽ ለየብቻ ከሁለት ቦታ አይዘዙ፤ ካዘዙም ልኩን በወረቀት ይስጡ። ፍራሹ ጠንካራና ጠፍጣፋ ይሁን። ለአዋቂ የሚመቸው ለስላሳ ስፖንጅ ለሕፃን አይሆንም፤ ፊቱ ቢሰምጥበት ራሱን ማውጣት አይችልም።

ሦስተኛ፣ የአጥሩ ከፍታ። ፍራሹ የሚያርፍበት ርብራብ በዝቅተኛው ቦታ ላይ ሆኖ እስከ ላይኛው አግዳሚ 66 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢኖረው መልካም ነው። አናጺው ርብራቡን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ ሁለት ወይም ሦስት ቀዳዳዎች እንዲሠራ ይዘዙት። ሕፃኑ መቀመጥ ሲጀምር ዝቅ ይላል፤ ሳይቆም በፊት ወደ መጨረሻው ይወርዳል። ቁመቱ 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ ወይም አጥሩን መውጣት ሲሞክር የአልጋው ጊዜ አበቃ።

አራተኛ፣ የማዕዘኑ ቋሚ። ከአጥሩ በላይ የወጣ ጉልላትና ጌጥ ልብስ ይይዛል፤ አንገት ያንቃል። ቋሚው ከአግዳሚው ጋር እኩል ይሁን። ጌጥ የሚወድ ገዢ ጌጡን በግድግዳው ላይ ያድርገው።

እንጨቱና ቀለሙ

ባሕር ዛፍ በቅርብ ይገኛል፤ ዋጋውም ይቀላል። ነገር ግን በደንብ ካልደረቀ ይጣመማል፤ ይሰነጠቃል። ዛሬ 6 ሳንቲ ሜትር የነበረው ክፍተት ከአንድ ክረምት በኋላ 7 ሊሆን ይችላል። ዋንዛ ከተሠራ በኋላ ብዙም አይንቀሳቀስም፤ ለቤት ዕቃ የተመረጠውም ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከጠቀሳቸው አገር በቀል ዛፎች አንዱ ዋንዛ ነበር። ስለሆነም እንጨቱ ከየት እንደመጣ መጠየቅና ደረሰኝ መያዝ ለሠሪውም ለገዢውም ይበጃል።

ቺፕውድና ኤምዲኤፍ ለመልክ ያምራሉ። ጠላታቸው ውኃ ነው። ሽንትና የገላ ማጠቢያ ውኃ በጠርዙ ከገባ ያብጣል፤ ብሎኑ ይላላል። ከእነዚህ የተሠራ ኮመዲኖ ከገዙ ጠርዞቹ በሙሉ የተሸፈኑ መሆናቸውን በጣትዎ እየዳሰሱ ያረጋግጡ። አልጋውም በሚስማር ብቻ ከተገጣጠመ ይነቃነቃልና በብሎንና በኮላ ይታሰር።

ቀለምን በተመለከተ፣ ሕፃን ጥርስ ሲያበቅል የሚያኝከው አግዳሚውን ነው። እርሳስ ያለበት ቀለም የሕፃን አእምሮን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኘውን እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ በ90 እጅ ወስኗል። አናጺውን «የቀለሙን ቆርቆሮ አሳየኝ» ማለት ነውር አይደለም። አምራቹ ያልታወቀ፣ ጽሑፍ የሌለው ቆርቆሮ ከሆነ እንጨቱ ሳይቀባ ይምጣልዎ። የተቀባውም ሽታው እስኪጠፋ ድረስ መስኮት ተከፍቶ ይቆይ። ስለዚህ አልጋ የሚታዘዘው በመውለጃው ሳምንት ሳይሆን ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ነው።

መቀየሪያው

በአገራችን የመጀመሪያው የዳይፐር መቀየሪያ የአያት ጉልበት ነው። ከጉልበት ላይ ሕፃን ሲወድቅ አይታይም፤ ምክንያቱም አያት እጇን አታነሳም። የእንጨቱም መቀየሪያ ትምህርት ይኸው ነው፤ እጅ አይነሳም። ወለል ላይ በተዘረጋ ፍራሽ መቀየርም ወጪ የሌለው አስተማማኝ መንገድ ነው። ሆኖም በቀዶ ሕክምና የወለደች አራስ በቀን ብዙ ጊዜ ማጎንበስ አትችልም። ለእሷ ከፍ ያለ መቀየሪያ ያስፈልጋታል።

ከፍታው በእናትየው ክርን ይለካ፤ ብዙውን ጊዜ ከ85 እስከ 95 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በአራቱም ጎን ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጠርዝ ይኑረው። ዳይፐሩ፣ የሽንት ጨርቁ፣ ቫዝሊኑ፣ የቆሻሻ ማጠራቀሚያው በሙሉ ክንድ ሳይዘረጋ የሚገኙ ይሁኑ። ፓውደር ወይም መድኃኒት ከሕፃኑ እጅ ይራቅ። ቧንቧ በግቢ ለሆነበት ቤት ማንቆርቆሪያና ማስታጠቢያ በአጠገቡ ይቀመጥ፤ ከቀየሩ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ የሥራው ግማሽ ነው። ለመደረቢያ ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የሚገዛ የጥጥ ፎጣ ሦስት ወይም አራት ቢኖር አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይተካል።

ሒሳቡ

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌት ያህል የቀረቡ ናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ለመቀየሪያ ብቻ የተሠራ ጠረጴዛ 8,000 ብር ነው እንበል። ሁለት ዓመት ያገለግላል፤ የዓመቱ ወጪ 4,000 ብር ነው። ባለ ሦስት መሳቢያ ኮመዲኖ 14,000 ብር፣ ከላዩ ላይ በብሎን የሚታሰርና የሚፈታ ጠርዝ 1,000 ብር ቢሆን ጠቅላላው 15,000 ብር ይመጣል። ልጁ ካደገ በኋላ ጠርዙ ተፈትቶ ኮመዲኖው ኮመዲኖ ሆኖ ይቀራል። አሥር ዓመት ቢያገለግል የዓመቱ ወጪ 1,500 ብር ነው። ርካሽ የመሰለው ዕቃ ውድ ሆነ ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ኮመዲኖ ይገለበጣል። አይኬያ የተባለው የስዊድን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2016 በአሜሪካ 29 ሚሊዮን ያህል ኮመዲኖዎችን ከገበያ የሰበሰበው መሳቢያ ስበው የተንጠላጠሉ ሕፃናት ተጭኗቸው በመሞታቸው ነበር። መድኃኒቱ ሁለት የብረት ማሰሪያና አራት ብሎን ነው። ኮመዲኖውን ከግድግዳ ጋር ያስሩት። ግድግዳው የጭቃ ከሆነ ከምሰሶው ጋር ይታሰር፤ ጭቃው ብሎን አይዝም።

ለነጋዴውና ለአስመጪው

ከውጭ የሚመጣ አሮጌ የሕፃን አልጋ ሲቀርብልዎ ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተት መሆኑን ይመልከቱ። አሜሪካ ይህን ዓይነቱን አልጋ ከሰኔ 2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንዳይሸጥ ከልክላለች፤ ከ2000 ወዲህ ቢያንስ 32 ሕፃናት በዚህ ምክንያት ሞተዋልና። እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ሕግ ሕፃን የሚተኛበት አዘቅዛቂ መኝታና በአልጋው ዙሪያ የሚታሰረው ለስላሳ ትራስ መሳይ መከላከያ ታግደዋል። እዚያ የተከለከለ ዕቃ በርካሽ ሊቀርብ ይችላል። ርካሽነቱ ከየት እንደመጣ ጠይቆ የማይገዛ አስመጪ ግን መጋዘኑን በሌላው ሰው ዕዳ ይሞላል።

ለአገር ውስጥ እንጨት ሠሪ ደግሞ ይህ ዕድል ነው። ከውጭ ከመጣው ጋር በጌጥ መወዳደር ያስቸግራል። በልክ መወዳደር ግን ይቻላል። ቀብድ ሲቀበሉ አራቱን ልኮች፣ የእንጨቱን ዓይነትና የቀለሙን ስም በወረቀት ጽፈው ይፈርሙ። ይህን የሚያደርግ ሠሪ ደንበኛውን ያስተምራል፤ ደንበኛውም ጎረቤቱን ይልካል። ማስታወቂያው በነፃ ነው።

ልጅ በዕድሉ ያድጋል ይባላል። እውነት ነው። ዕድሉ ግን በሁለት ዘንጎች መካከል ባለ ክፍተት እንዲወሰን መተው የወላጅም የነጋዴም ሥራ አይደለም። ስለዚህ ወደ ገበያ ሲወጡ ከቦርሳዎ ቀጥሎ ሜትርዎን ይያዙ።

መልካም ገበያ!