የመጣውን ሁሉ ስለሚቀበል ገጽ

በመርጡለ ማርያም ከተማ፣ በወጣትነታቸው ቅኔ ተምረው በኋላ ዘመናቸውን በአዲስ አበባ የኮምፒዩተር መረብ ሲጠብቁ አሳልፈው ወደ ትውልድ አገራቸው የተመለሱ አንድ አረጋዊ፣ የሥራ ማመልከቻ የሚቀበል ድረ ገጽ ለመሥራት ከተነሣ ወጣት ጋራ የተነጋገሩት እንዲህ ነው።

ወጣት፦ የኔታ፣ አመልካቹ ዲግሪውን ስካን አድርጎ ይልካል፣ ገጹም ተቀብሎ ያስቀምጣል። ከአንድ ሥዕል ምን ጥፋት ይመጣል?

አረጋዊ፦ ጥፋቱ ልጄ፣ ሥዕል ነው ተብሎ ከገባውና ሥዕል ካልሆነው ነው። ሰርቨር አንዳንዱን ፋይል ለጠያቂው የሚያሳይ፣ አንዳንዱን ግን እንደ ጌታው ቃል ተቀብሎ የሚፈጽም ነውና፣ ስሙ በፒኤችፒ ወይም በጄኤስፒ የሚያልቅ ፋይል ባዕድ ሰው ቢልክና ገጽህ ሳይመረምር በድረ ገጹ ማኅደር ቢያኖርለት፣ ላኪው የፋይሉን አድራሻ በመክፈት ብቻ በሰርቨሩ ላይ ባለ ሥልጣን ይሆናል፤ የአመልካቾችን መዝገብ ይገለብጣል፣ ይሰርዛል፣ ከዚያም በመረቡ ወዳሉት ሌሎች ኮምፒዩተሮች ይሻገራል።

ወጣት፦ እንደ እኔ ባለ ጀማሪ ሥራ ይደርስ ይሆናል እንጂ በታላላቆቹ ዘንድማ...

አረጋዊ፦ በእነርሱም ደርሷል። ታላላቅ ኩባንያዎች ሒሳባቸውንና ንብረታቸውን የሚያስተዳድሩበትን ሶፍትዌር የሚሠራው የጀርመኑ ኤስኤፒ፣ ኔትዊቨር በሚባለው ሥርዐቱ ውስጥ ቪዥዋል ኮምፖዘር የተባለው ክፍል የላኪውን ማንነትና ፈቃድ ሳይጠይቅ ፋይል ሲቀበል በመገኘቱ፣ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. አስቸኳይ መጠገኛ አወጣ፤ የአደጋው መለኪያም ከ10 ሙሉ 10 ነበር። መጠገኛው ሳይወጣ ግን አጥቂዎች ሄልፐር.ጄኤስፒ፣ ካሽ.ጄኤስፒ የሚሉ፣ ስማቸው ማንንም የማያስደነግጥ ፋይሎች አስገብተው ነበር።

ወጣት፦ እንግዲያስ ስሙን አያለሁ፤ ጄፒጂ ካልሆነ እመልሳለሁ።

አረጋዊ፦ ስሙን የሰጠው ማን ሆነና! «ይህ ሥዕል ነው» የሚለውን ማስታወቂያ እንኳ የሚጽፈው የላኪው ኮምፒዩተር ነው፤ አጥቂ ሁለቱንም እንደ ወደደ ይለውጣል። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ጠባቂ ስለት ሲመጣለት የተጠቀለለበትን ጨርቅ ብቻ አይቶ «ጻሕል» ብሎ በመዝገብ እንደማያሰፍር፣ አንተም ግለጠው፤ ፕሮግራምህ ሥዕሉን ከፍቶ እንደ ገና ራሱ ጽፎ ያስቀምጠው፣ የላኪውን ስም ጥለህ ራስህ ሰይመው፣ ከፈቀድካቸው ጥቂት ዓይነቶች በቀር ሌላውን ሁሉ መልስ። ከሁሉ አብልጬ አደራ የምልህ ግን፣ የተቀበልከውን ከድረ ገጹ ማኅደር ውጭ፣ ምንም ፋይል ሊፈጸም በማይችልበት ስፍራ እንድታኖረው ነው፤ ምርመራህ ቢሳሳት እንኳ በዚያ ያለ ፋይል ማንንም ሊያዝዝ አይችልም።

ወጣት፦ ይህን ጉድለት በአንድ መሥሪያ ቤት ገጽ ላይ ሞክሬ ባሳያቸውስ?

አረጋዊ፦ ያለ ፈቃዳቸው እንዳትነካ! የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትን በወንጀልነት ይቀጣል። የራስህን ገጽ በራስህ ኮምፒዩተር ላይ አቁመህ ፈትን። ከብቸናም ከሞጣም የድካሙን ፍሬ አምኖ የሚልክልህ ተመራቂ ሌላ ጠባቂ የለውምና፣ ዛሬውኑ ማኅደሩን ለውጥ፤ ነገ ኮምፒዩተሩን ይዘህ ና፣ ጄፒጂ የሚል ስም የሰጠሁትን የፒኤችፒ ፋይል እኔ ራሴ እልክልሃለሁ።