አክተሩ የማይሞትበት፣ ሟቹ ስም የሌለበት

በ1990ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በየሰፈሩ የነበሩትን የቪዲዮ ቤቶች የማያስታውስ የአዲስ አበባ ጎልማሳ ጥቂት ነው። በጨለማ ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተን፣ ቋንቋውን በውል ሳንረዳ፣ አንድ ነገር ግን እርግጠኞች ሆነን እንመለከት ነበር፤ አክተሩ አይሞትም። እርሱ ሲተኩስ ሰዎች እንደ ቅጠል ይረግፋሉ፤ እኛም እናጨበጭባለን። ከሚረግፉት መካከል ጥምጥም የጠመጠሙ፣ «አላሁ አክበር» የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ካጨበጨብነው መካከልም ከቁርአን ቤት በቀጥታ የመጣን ነበርን። ምን እያደረግን ነበር? ዛሬ ይህንን መመርመር ይገባናል።

በመጀመሪያ፣ የአክሽን ፊልም በጦር ሜዳ የተሸነፈውን ጦርነት በመጋረጃ ላይ ያሸንፋል። የ1982ቱ የመጀመሪያው ራምቦ ከቬትናም ተመልሶ በገዛ አገሩ የተገፋ ወታደር ታሪክ ነው፤ ሐዘን አለበት። በ1985ቱ ሁለተኛ ክፍል ግን ይኸው ሰው እስረኞች ሊያስፈታ ወደ ቬትናም ተመልሶ ድል ያደርጋል። አሜሪካ ጦሯን ያስወጣችው በ1973 ነው፤ ሳይጎን የወደቀችው በ1975 ነው። ከ58,000 በላይ አሜሪካውያንና ከዚያ እጅግ የሚበልጡ ቬትናማውያን አልቀዋል። ፊልሙ ግን «ጦርነቱ ለምን ተጀመረ?» ብሎ አይጠይቅም። «ወታደሩ ጀግና ነበር፤ የከዱት ባለሥልጣኖቹ ናቸው» ብሎ ያልፋል። ተመልካቹም ይህንን ትምህርት መማሩን ሳያውቅ ተምሮ ይወጣል።

በሁለተኛ ደረጃ፣ የጠላት ወንበር ቋሚ ነው፤ የሚቀያየረው ተቀማጩ ነው። በ1988ቱ ሦስተኛ ራምቦ የአፍጋኒስታን ሙጃሂዶች በፈረስ የሚጋልቡ የነጻነት ታጋዮች ነበሩ። ፊልሙም ለአፍጋኒስታን ሕዝብ መታሰቢያነት ተሰጥቷል። ክፉው ሩሲያዊው ነበር። ስድስት ዓመት ቆይቶ በ1994 በወጣው «ትሩ ላይስ» የአሸባሪዎቹ ቡድን ስም «ክሪምሰን ጂሃድ» ሆነ፤ መሣሪያቸውም የኑክሌር ቦምብ። በስድስት ዓመት ውስጥ የተለወጠው ሙስሊሙ ነው? አይደለም። በ1991 ሶቪየት ኅብረት ፈርሳ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ነበር። እርግጥ በ1986ቱ «ዴልታ ፎርስ» እንደታየው አረቡ ከዚያ በፊትም ለክፉ ሰውነት ይፈለግ ነበር። ከሊባኖሳውያን ቤተሰብ የተወለደው አሜሪካዊው ምሁር ጃክ ሻሂን ከ900 በላይ ፊልሞችን መርምሮ በ2001 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ አረብን እንደ ተራ ሰው የሚያሳዩት እጅግ ጥቂት ናቸው። እኛ ግን ሦስተኛውን ራምቦ ስናይ ደስ ብሎን ነበር። ሚዛኑ ለእኛ ሲያደላ ዝም ያልነው፣ በእኛ ላይ ሲያደላ ለመቆጣት መብታችን ሙሉ ነውን?

በሦስተኛ ደረጃ፣ አውሮፕላኑን ማን አዋሰ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ከፊልም ሠሪዎች ጋር የሚሠራ ጽሕፈት ቤት አለው። የጦር አውሮፕላን ወይም መርከብ የሚፈልግ ፊልም ሠሪ ድርሰቱን ያቀርባል፤ የማይስማማቸው ነገር ካለ እንዲለወጥ ይጠየቃል፤ እምቢ ካለ ትብብሩ ይቀርበታል። ይህ በግልጽ ደንብ የሚሠራ ነው፤ ሴራ ሳይሆን ውል ነው። በ1986 «ቶፕ ጋን» በባሕር ኃይሉ ትብብር ተሠርቶ ሲወጣ፣ የባሕር ኃይሉ መልማዮች በአንዳንድ ሲኒማ ቤቶች ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግተው ወጣቶችን ይጠብቁ ነበር።

አራተኛው ምሳሌ ከጎረቤታችን ነው። «ብላክ ሐውክ ዳውን» በ2001 የተሠራው፣ ጥቅምት 1993 በሞቃዲሾ በተደረገው ውጊያ ላይ ነው። በዚያ ውጊያ 18 አሜሪካውያን ሞተዋል፤ የሞቱት ሶማሌዎች ደግሞ በመቶዎች ይቆጠራሉ። የፊልሙ አሜሪካውያን ስም፣ ሚስት፣ ልጅ አላቸው፤ ሶማሌዎቹ ግን አብዛኞቹ ከየጣሪያው የሚፈስ ጎርፍ ናቸው። ታሪኩ ሲጀምር በሰኔ 24 የፓኪስታን ወታደሮች መገደላቸው ይነገራል፤ እውነት ነው፣ መነገርም ነበረበት። በሐምሌ የአሜሪካ ሄሊኮፕተሮች ለስብሰባ የተቀመጡ የጎሳ ሽማግሌዎች የነበሩበትን ቤት መደብደባቸው ግን አይነገርም። የተከበቡትን አሜሪካውያን በብረት ለበስ ተሽከርካሪ ሄደው ካወጧቸው መካከል የማሌዥያና የፓኪስታን ወታደሮች ነበሩ፤ አንድ ማሌዥያዊም ሕይወቱን ሰጥቷል። እነዚህ ሙስሊሞች በፊልሙ ውስጥ ጥላ ብቻ ናቸው።

ሚዛናችን ግን እንዳይዛባ! ይህ የአሜሪካ ብቻ በሽታ አይደለም። የምንወደው የሕንድ ፊልምም በ1997 «ቦርደር»ን፣ በ2001 «ጋዳር»ን ሠርቷል፤ እዚያ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ፓኪስታናዊው ነው። ሀገርን መውደድም ነውር አይደለም፤ እኛም አገራችንን እንወዳለን። ነውሩ ፍቅሩ ያለ ተናቀ ጎረቤት የማይቆም ሲሆን ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ቴሌቪዥኑን መስበር መልስ አይሆንም፤ ፊልሙ ዛሬ በልጁ ኪስ ውስጥ ነው። ወሬ ሲመጣ ማጣራትን ቁርአን አዝዞናል፤ ፊልምም ወሬ ነው። ስለዚህ ከልጆቻችን ጎን ተቀምጠን ሦስት ጥያቄ እናስለምዳቸው፡- ስም ያለው ማን ነው? ታሪኩ የተጀመረው ከየት ነው? መሣሪያውን ያዋሰው ማን ነው?

በቅርቡ ከእህቴ ልጅ ጋር የሞቃዲሾውን ፊልም አብረን አየን። መሐል ላይ «አጎቴ፣ እነዚህ ሰዎች ግን ለምን ተናደዱ?» አለኝ። በቪዲዮ ቤቱ ወንበር ላይ በተቀመጥኩባቸው ዓመታት ሁሉ አንድም ቀን ያልጠየቅሁት ጥያቄ ነበር። ፊልሙን አቁሜ የማውቀውን ነገርኩት። ከዚያ በኋላ ማንም ሲወድቅ አላጨበጨበም፤ አሜሪካዊም ቢሆን፣ ሶማሌም ቢሆን።