የማይግባቡ የዋይፋይ ዕቃዎችን ለምታስማማው ልጄ

ልጄ፣ በየጁቤ ከተማ ከትምህርት ቤትም ከጽሕፈት ቤትም ሲጠሩሽ ጣጣው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወይም ከአዲስ አበባ አዲስ ራውተር ይመጣል፤ የቆየው ላፕቶፕ ወይም ፕሪንተር ግን ትክክለኛውን ፓስወርድ «ስህተት ነው» ብሎ ይመልሰዋል። እንግዲህ ይህን ያዢልኝ።

1. ፓስወርድ ሌላ፣ ቁልፍ ሌላ ነው። ሰው ፓስወርዱን ይጽፋል፤ ዕቃው ከዚያ አስልቶ ቁልፉን ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው፣ ዌፕ በተባለው የዋይፋይ መቆለፊያ ይህ ስሌት በመስፈርቱ አልተደነገገም ነበርና የተለያዩ ፋብሪካዎች ዕቃዎች ከአንዱ ቃል የተለያየ ቁልፍ ያወጡ ነበር። እንዲህ ያለ ዕቃ ሲገጥምሽ ቃሉን ተይውና ከራውተሩ ገጽ ቁልፉን ራሱን በሄክስ ገልብጪ፤ ለ64 ቢቱ 10፣ ለ128 ቢቱ 26 ምልክት ነው። የቁልፉን ተራ ቁጥርም እዪ። አንዱ ከ1 እስከ 4፣ ሌላው ከ0 እስከ 3 ስለሚቆጥር የአንዱ 1 የሌላው 0 ሊሆን ይችላል።

2. ይህን የነገርኩሽ ምክንያቱን እንድታውቂ እንጂ በዌፕ እንድትቀጥዪ አይደለም። ፍሉረር፣ ማንቲንና ሻሚር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ድክመቱን ካሳዩ ወዲህ ማንም ተራ ላፕቶፕ ያለው ሰው በደቂቃዎች ይሰብረዋል። የተማሪ ውጤትና የደመወዝ መዝገብ በአየር ላይ የሚያልፍበት ቤት ነው፤ ለአንድ አሮጌ ፕሪንተር ተብሎ የግቢው አጥር አይፈርስም። ፕሪንተሩን በኬብል አገናኚው።

3. ከዌፕ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የመጣው ደብሊው ፒ ኤ 2 የተባለው መቆለፊያ ስሌቱን ለሁሉም አንድ አድርጎታል፤ ቃሉንና የኔትወርኩን ስም አዋሕዶ 4096 ጊዜ ያመላልሰዋል። እዚህም እምቢ ካለሽ ራውተሩ እ.ኤ.አ. በ2018 በመጣው ደብሊው ፒ ኤ 3 ብቻ ተዘግቶ እንደሆነ እዪ፤ ሁለቱን የሚቀበለውን ምርጫ ስጪው። የኔትወርኩ ስም ጭራሽ ካልታየው ዕቃው 5 ጊጋኸርዝ አያውቅም ይሆናል፤ 2.4ቱን ክፈቺለት።

4. ይህ ደግሞ የእኛው የፊደላችን ጣጣ ነው። ፓስወርዱን በፊደላችን ካልጻፍን የሚሉ አሉ፤ ፍቅራቸው ይገባኛል። የደብሊው ፒ ኤ 2 መስፈርት ግን የሚፈቅደው ከ8 እስከ 63 የሚደርሱ የላቲን ፊደላትን፣ አሃዞችንና ምልክቶችን ብቻ ነው። ለኔትወርኩ ስም ፊደላችን ይሠራል፤ ቦታው ግን 32 ባይት ነው፤ አንዱ ፊደላችን 3 ባይት ስለሚወስድ ከ10 ፊደል አያልፍም። «የጁቤ» 9 ባይት ናትና በሰፊው ትገባለች። ስሙ ቁልፉ የሚሰላበት ስለሆነ ሀ በሐ ቢለወጥ እንኳ ቁልፉ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ አሮጌ ዕቃ ባለበት መሥሪያ ቤት በላቲን ጻፊው። በቤትሽ ግን በፊደላችን ይሁን፤ ስልክሽ ላይ ሲነበብ ሳይ ደስ ይለኛል።

5. ፓስወርድ በለወጥሽ ቁጥር በየዕቃው ላይ የተቀመጠውን የድሮውን ግንኙነት አጥፍተሽ እንደገና አስገቢ። የራውተሩ መግቢያ ፓስወርድ ከዋይፋዩ የተለየ ይሁን። ግድግዳ ላይ አይለጠፍ፤ በወረቀት ጽፈሽ ለኃላፊው በእጁ ስጪው።