ለረጅም ጉዞ ስንቅ እንጂ ክኒን አይቅደም

ክረምቱ ሲወጣ ወጣቶቻችን ከፈጅር ሶላት በኋላ በብስክሌት ከአዲስ አበባ ተነስተው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የረር ተራራን በእግር ወጥተው ማታ ይመለሳሉ። ማሻአላህ! ነገር ግን አንዳንዶቹ “ጉልበቴን እንዳያመኝ” እያሉ አስቀድመው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይውጣሉ። በላብ የሰውነት ውሃ ሲጎድል ለኩላሊት የሚደርሰው ደም ይቀንሳል፤ ኩላሊትም ፕሮስታግላንዲን በሚባል ንጥረ ነገር የደም ስሮቹን አስፍቶ ራሱን ይከላከላል። መድኃኒቶቹ የሚያግዱት ይህንኑ ነው።

ጨው ጣል የተደረገበት በሶና ቴምር ያዙ፤ ውሃውን ሲጠማችሁ ጠጡ። እግር ክረምቱን አርፎ ስለከረመ የመጀመሪያው ጉዞ አጠር ይበል። ሽንቱ እንደ ሻይ የጠቆረበት ሰው ግን ጡንቻው ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ለነገ አይበል፤ የዋጠውን ክኒን ይዞ በዕለቱ ሐኪም ቤት ይሂድ።